ጥንቸሏ የምትወልድበት ወር

የጎልማሶች ክፍል መምህራችን ሻንቲ የቤት ሥራ ሰጠችን። የሜዳችንን ጠጉረ ሻካራ ጥንቸልና ቢጫዋን ሸማኔ ወፍ አወዳድሩ፤ ሁለቱም ሊጠፉ ነው አለችን።

ሦስት ቀን ተጨነቅሁበት። ባለቤቴ ላውታን ግን ሳቀብኝ። "ምን ማወዳደር አለው? ወፏ ታምራለች፣ ጥንቸሏ ትጣፍጣለች።"

ሰሞኑ የአጨዳ ነበር። እኛ ታሩ የምንባል የቆላ ሰዎች በዓመት አንዴ፣ በብርዱ ወር፣ ለዱር እንስሳት የተከለለው ጥብቅ ሜዳ ገብተን የጣሪያ ሣር እናጭዳለን። ድርሻውን የጨረሰ የተረፈውን ያቃጥላል፤ አዲስ ቡቃያ እንዲያወጣ። እኔም ሠላሳ ዓመት አቃጥያለሁ።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ወፏ ዛፍ አናት ላይ ጎጆ ትሠራለች፤ ጥንቸሏ ረጅም ሣር ሥር ትደበቃለች። ወፏ የምትፈለፍለው በክረምት ነው። ጥንቸሏ የምትወልደው ደግሞ... እርሳሴ ቆመ። በዚሁ በብርዱ ወር ነው፤ እኛ እሳት በምንለቅበት።

"ነገ አናቃጥል" አልኩት ላውታንን።

"አንቺ ሴትዮ፣ አራት ፊደል ቆጥረሽ የጫካ ሹም ሆንሽ?"

"ልጃችን አራስ ናት። አልጋዋ ሥር እሳት ትለቅባታለህ?"

ጎረቤታችን ራምካሊ ጣልቃ ገባች። "እታለም፣ ለወፏስ ሰው ሁሉ ያዝናል። ጥንቸሏን ማን አይቷት ያውቃል?"

"ስለማትታይ አይደል የምናቃጥላት!" ብዬ ጮህኩባት። ማን ሊሰማኝ!

በማግስቱ ከድርሻችን ጥግ ላይ ያልታጨደ ሣር ቀርቶ ነበር፤ ለማድ ቤታችን ጣሪያ ያሰብነው። ላጭደው ጎንበስ ስል ሥሩ ላይ የጥንቸል በጠጥ አየሁ፤ ገና እርጥብ ነው። ማጭዴን ጣልኩ።

ላውታን ክብሪቱን ይዞ መጣ። "ካላጨድሽው ላቃጥለው።"

ሣሩ መሃል ቁጭ አልኩ።

"ተነሺ! ሰው እያየን ነው።"

"ይየን።"

"ማድ ቤቱንስ በምን ልንከድነው ነው?"

"በደብተሬ!"

እያጉረመረመ ዙሪያዬን በማጭድ መነጠረ። እሳቱ እኔን እንዳይበላኝ እንጂ ለጥንቸሏ ብሎ አይደለም። የቀረውን ሜዳ ሁሉ አቃጠሉት።

አሁን ክረምት ገብቷል። ማድ ቤቱ ያፈሳል። ውሃው እኛ ታሩዎች የምንወደው የቀንድ አውጣ ወጥ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ላውታን "ይቺ ደግሞ የጥንቸሏ ናት" ይላል። ሰዉ ዛፉ ሥር አንጋጦ ወፏን ያደንቃል። እኔ ጥንቸሏን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

የቤት ሥራዬን ሻንቲ ያኔውኑ አርማ መልሳልኝ ነበር።

"ጎበዝ እማዬ" አለችኝ። "ስለ ወፏ የጻፉት ግን ትንሽ አነሰ።"