ከጫካው የተረፈው ነጥብ

እኔ ሥራዬ ዛፍ ማስላት ነው። ሳተላይት የራዳር ሞገዱን ወደ ጫካ ሲልክ ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉና ግንዱ ምን ያህሉን እንደሚመልሱ በኮምፒውተር ቀመር እሠራለሁ። ከእውነተኛው ምስል ላይ የቀመሬን ጫካ ስቀንሰው የሚተርፍ ካለ፣ ዛፍ ያልሆነ ነገር ነው። ቸርች ውስጥ ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ጋሼ በድሉ ግን አልሳቁም።

ልጃቸው አብርሽ ከካልጋሪ በስተምዕራብ ወዳለው ጫካ ፒካፑን ነድቶ እንደሄደ ቀረ። ተፈልጎ አልተገኘም። የቸርቻችን አንድ አገልጋይ በሕይወት አለ ብሎ ስለተነበየ ለቅሶ መቀመጥ እምነት እንደማጣት ተቆጠረ። እናቱ እትዬ ሙሉሸዋ በሰው ፊት አንዲት እንባ አላፈሰሱም። ያ ትንቢት እስካሁን ያናድደኛል፤ አፍ ዳገት አይፈራም።

ጋሼ በድሉ ከኤርፖርት ሥራቸው ሲወጡ መጥተው ፈልጊልኝ አሉኝ። ፈለግሁ። በበጋ ምስሎች ላይ ምንም የለም። ብርዱ ጠንክሮ በዛፉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ግን ጫካው ለራዳሩ ይሳሳል፤ ያኔ ከአንድ ገደል ሥር፣ የመኪና ብረት እንደሚያበራው ያለ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል። በረዶው ሲቀልጥ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ይመለሳል። አብርሽ ከመጥፋቱ በፊት በተነሱት ምስሎች ላይ የለም። ብቻዬን ስሆን ነጥቡ የሚያየኝ ይመስለኝ ጀመር። ፈራሁት።

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ በሽማግሌ ነው። ትንቢቱን የሚጋፋ ሽማግሌ ስላጣሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ብቻዬን ኮርነርስቶን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሰኞ ለፖሊስ እንደማስታውቅ ነገርኳቸው።

ጋሼ በድሉ ነጥቡን ሲያዩ ቆይተው፣ ዛፍ ሊሆን አይችልም ወይ አሉኝ። ቀመሩ ላይ ግንድ ብጨምር ነጥቡን እንደሚውጠው፣ ግን እዚያ ያን ያህል ዛፍ እንደሌለ አስረዳኋቸው። ምነው አፌን በዘጋሁ።

«እስቲ ጨምሪው» አሉ።

እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ጨመርኩ። ነጥቡ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ። ጋሼ «ተመስገን» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከነጥቡ ጋር አንድ ሰው ከሳሎኑ የወጣ መሰለኝ።

እትዬ ሙሉሸዋ ከሶፋው ጀርባ ቆመው ኖሯል። እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ኑሃሚንዬ፣ ዛፉን አንሺልኝ» አሉ። «ልጄን አልቅሼ ልቅበረው።»

አነሳሁት። ነጥቡ ተመለሰ፤ እሳቸውም እስከዚያ ቀን ያፈኑትን ጩኸት ለቀቁት።