ከቢጫው መስመር ወዲህ

ሳልዋሽ ልናገር፤ በሰፈራችን ካለነው ስደተኞች የአገሬውን ቋንቋ እንደ እኔ የሚያንበለብለው የለም። ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ስንሰደድ መንገድ ቀርቷል። ከአውቶቡስ ሹፌር፣ ከጎረቤት ልጆችና ከቴሌቪዥን ለቅሜ ለቅሜ ነው። አንዱ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ሌላው ከአከራዩ ጋር ሲጣላ፣ "ራዲዮኗን ጥሩልኝ" ይላል። ራዲዮኗ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ ለስድብ ነበር አሉ፤ እኔ ግን ለምርቃት ወስጄዋለሁ። ደግሞ እኔ እንደ ሌላው አስተርጓሚ የሰው ቃል እንደ ወረደ አላቀብልም። አሳምሬ፣ ጨው ነስንሼ ነው።

ያን ጠዋት ግን የማስተረጉመው ለእናቴ ነበር፤ ነገሩም የዋዛ አልነበረም። ታላቅ እህቴ እቴቴ መንገድ ላይ ከእኛ ተለይታ መጠለያ ጣቢያ ቀርታለች። ወደ እኛ ልትመጣ የምትችለው ከቤታችን አንድ ሰው ቋሚ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው። አባቴ በሕይወት የለም። እኔ ለሥራ አልደረስኩም። የቀረችው እማዬ ናት።

እንደ እኛ ያለውን አዲስ መጤ የሚያቋቁም አንድ የሰፈር ማኅበር አለ። ከመሥሪያ ቤቶች ጋር እየተነጋገረ ሰው ለሙከራ ያስገባል። አሠሪው ከወደደህ ትቀጠራለህ፤ ካልወደደህ ከወረፋው ጭራ ትገባለህ፤ ወረፋው ደግሞ ጭራው አይታይም። እኛን የያዘችን የማኅበሩ ሠራተኛ የአገሬው ሰው ስትሆን "አገናኟ" እንላታለን። ያን ጠዋት እውነተኛው አስተርጓሚ ታምሞ ቀረባት። ቀጠሮው ከዘገየ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከንፈሯን ስትነክስ አየሁና፣

"እኔ እያለሁ?" አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "እናትሽ ያለችውን ብቻ በይ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።"

"ኧረ ምን በወጣኝ!" አልኩ።

መሥሪያ ቤቱ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ነው። በሩን ስንከፍት ትኩስ እንፋሎት ፊታችንን ላሰን። የማጠቢያ ማሽኖቹ ሰው የሚያሳድሩ ያህላሉ። መሐል ላይ የመተኮሻ ማሽኑ ተጋድሟል፤ ሁለት ረጃጅም የጋሉ ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ይሽከረከራሉ። እርጥብ አንሶላ በዚህ በኩል ይውጡና በዚያ በኩል እንደ ወረቀት አድርገው ይተፉታል። ዙሪያውን ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ ሠራተኛ ካልሆንክ አታልፈውም። ግድግዳው ላይ የሰው እጅ ተስሎ በቀይ ተሰርዟል። ይኼ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ኃላፊዋ ፊቷ እንደተተኮሰ አንሶላ መጨማደድ የማያውቅ ሴት ናት። "ከዚህ በፊት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠርተው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀች።

ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "ኧረ ምኑን ሠርቼው! እንዲያው ልብስ እያጠብን ልጅ አሳደግን እንጂ፣ እሱም ሥራ ከተባለ" አለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ! እማዬ ብዪ ሲሏት ገና ሳትቀምስ "ጠገብኩ" የምትል ሰው ናት። እኛ ዘንድ ሦስቴ ይለምኗታል። እዚህ አገር ግን ሰው አንዴ ጠይቆ ሳህኑን ያነሳል። እኔ ደግሞ ሳህኑ እንዲነሳ አልፈለግኩም።

"በአገሯ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ቤት ታስተዳድር ነበር" አልኩ። "ብዙ ሠራተኞች ነበሯት።"

የኃላፊዋ ቅንድብ ከፍ አለ። "እንዲህ ያለ መተኮሻስ ነበራቸው?"

"መተኮስ ትችያለሽ ወይ ትላለች" አልኳት እማዬን።

"ትላለች አትበይ፣ ይላሉ በይ፤ የእናትሽ ታላቅ ናቸው። መተኮስማ ማን ያቅተዋል? ግን እሳቸው ቤት ካለው ሥራ ጋር ምን ሊወዳደር!"

"ከዚህ የሚበልጥ ነበረን ትላለች።"

አገናኟ ቋንቋችንን አታውቅም፤ ዓይን ግን አላት። የእማዬ አንገት ወደ ታች፣ የእኔ ቃል ወደ ላይ። አየት አደረገችኝ። እኔ ግድግዳ አየሁ።

"እንግዲያው ዕድል ቀንቶናል" አለች ኃላፊዋ። "ማሽኑ ላይ ሰው ጎድሎብኛል። ማጠፊያው ጋ ላቆማቸው ነበር፤ ይህን ያህል ለሠራ ሰው ግን ማጠፊያ ስድብ ነው። ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የጥንቃቄ ትምህርት እንሰጣለን፤ እሳቸውን ግን ምን አስተምራቸዋለሁ?"

ግድግዳው ላይ ያለው እጅ ሁሉም ጣቶቹ እኔን የሚጠቁሙ መሰለኝ። ግን ምን አለው? አንሶላ ማጉረስ እኮ ነው! አሁን "ተሳስቻለሁ" ብል እማዬ ወረፋው ጭራ፣ እቴቴም እዚያው ድንኳኗ ውስጥ።

"ማሽኑ ላይ ቁሚ ብለውሻል" አልኳት።

"ማሽኑ ላይ? እኔን?" አየችው፤ አየችኝ። "አንቺ፣ ደህና አድርገሽ ነግረሻቸዋል?"

"ከደህና በላይ።"

"እንግዲህ እሳቸው ካሉ እንቢ አይባልም" አለችና ሽርጡን አሰረች።

እሷ መስመሩን አለፈች፤ እኔና አገናኟ ወዲህ ቀረን። ከእማዬ ጋር የቆመው ጠብደሉ ሠራተኛ ግራውን ጫፍ ይይዛል፣ እሷ ቀኙን፣ ዘርግተው ያጎርሱታል። የመጀመሪያው አንሶላ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ደረቴን ነፋ አድርጌ አገናኟን "አላልኩሽም?" በሚል ዓይን አየኋት። ከዚያ ጠብደሉ ፈጠን አለ። ልምድ ያላት ሴት ናት ተብሎ ተነግሮታል፤ ምን ያዘግየዋል?

አንዱ አንሶላ በእማዬ በኩል ጫፉ ተጣጥፎ ገባ።

እናቴን የማታውቋት ሰዎች፣ ስሙኝ፤ የተጨማደደ ጨርቅ አይታ ዝም ብላ አታልፍም። የሰው መጋረጃ እንኳ ሳታቃና አትቀመጥም። እጇ ጫፉን ተከትሎ ሄደ። ብረቱ እየሳበው ነው፤ እሷም እየተከተለችው ነው።

"እማዬ! እጅሽን!"

ማሽኑ ያጓራል። ድምፄን እንጂ ቃሌን አልሰማችም። ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ እጇ ግን አንሶላው ላይ ነው፤ አንሶላው ደግሞ አይቆምም። የማላውቀው ቃል የለም ስል የኖርኩት እኔ፣ ለእናቴ የሚደርስ ቃል አጣሁ። ከዚያ በአገሬው ቋንቋ ያለ የሌለ ኃይሌን አውጥቼ ጮህኩ።

"አቁሙት! አታውቅም! ማሽን ነክታ አታውቅም!"

ጠብደሉ ከራሱ በላይ ያለውን ቀይ ገመድ በቡጢው ጨብጦ ቁልቁል ጎተተው። ማሽኑ አቃሰተና ቆመ። የእማዬ እጅጌ ጫፍ ተነክሷል። በጥፍሯና በብረቱ መሐል ክር የሚያሾልክ ቦታ ብቻ ነበር።

ጠብደሉ እጅጌዋን ቀስ አድርጎ አላቀቀላት። እማዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው።

ኃላፊዋ ወደ እኔ መጣች። "አሁን ምን አልሽ?"

"ማሽን... አታውቅም።"

"ታስተዳድር ነበር ያልሽውስ?"

"ቤታችንን ነው።"

"ብዙዎቹ ሠራተኞችስ?"

"እኔና እህቴ።"

"ከዚህ የሚበልጠው ማሽን?"

መሬት አየሁ። መሬቱም ቢጫ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየኝ። አገናኟ "አደራ ብዬሽ ነበር" አለችኝ፤ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ተባባላችሁ?" አለች እማዬ ከወዲያ። "ምን አድርገሻቸው ነው ፊታቸው የተለወጠው?"

አፌን ልከፍት ስል ኃላፊዋ በጣቷ በሩን አሳየችኝ። "ውጪ።"

"ታዲያ ማን ያስተርጉም?"

"ማንም።"

ወጣሁ። በሩ መስታወት ነው፤ ያሳያል እንጂ አያሰማም። አፍንጫዬን ለጥፌ ቆምኩ። ትንፋሼ መስታወቱን ይሸፍነዋል፣ በክንዴ እጠርገዋለሁ። ኃላፊዋ ትናገራለች። እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። እንቢ አሏት? እንቢ አለቻቸው? እቴቴ ስንደውልላት "መቼ ነው?" ትላለች፤ ሰላምታዋ እሱ ከሆነ ቆይቷል። አሁን ማን ነው የሚመልስላት? ራዲዮኗ?

እማዬ ሽርጡን ፈታች። አጥፋ ለኃላፊዋ ሰጠቻት።

አለቀ አልኩ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ጣልኩት።

ቀና ስል ኃላፊዋ ሽርጡን መልሳ እማዬ እጅ ላይ ስታኖር አየሁ። እማዬ አንድ ነገር አለች፤ በጣም አጭር ነገር። ከዚያ ሁለቱም ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ ሄዱ። ኃላፊዋ አንድ አንሶላ አጠፈች። እማዬ ሞከረች፤ ተበላሸ። ኃላፊዋ ፈታችው። እማዬ እንደገና አጠፈች፤ አሁንም ጠመመ፣ አሁንም ተፈታ። "ኧረ በደንብ ያዢው!" እያልኩ ለመስታወቱ ጮህኩለት። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፋል። እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥማ፣ ቀስ ብላ ሄደች። ኃላፊዋ ያን አንሶላ አልፈታችውም። ከሌሎቹ በላይ ደረደረችው።

መጀመሪያ የወጣችው አገናኟ ናት። ሳታስጨንቀኝ ነገረችኝ። "ሰኞ ትጀምራለች፤ ማጠፊያ ላይ። የእህትሽን ጉዳይ ነገ እናንቀሳቅሳለን።"

እማዬ ተከትላ ወጣች። ላቅፋት ብሄድ በተነከሰው እጅጌዋ ገፋ አደረገችኝ።

"ምን አልሻቸው?"

"'አላውቅም፣ ያሳዩኝ' አልኳቸው።"

"በምን ቋንቋ?"

"በራሳቸው ነዋ! ማኅበሩ ጠዋት ጠዋት የሚሰበስበን ለእንቅልፍ መሰለሽ? ደግሞ ያልኩትን ሌላ አድርገሽ እንደነገርሽብኝ ከፊታቸው ገብቶኛል። ቤት እንነጋገራለን።"

መንገዱን ዝም ብለን ሄድን። ግን ዝምታ ለእኔ አይስማማኝም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ነፍሴ መለስ አለች።

"የሆነው ሆኖ፣" አልኳት፣ "እኔ ባልመጣ ደጁንም አትረግጪው። ባልጮህ ደግሞ ጣትሽ የለም። እቴቴ ስትመጣ ሥራውን ማን እንዳስገኘልሽ ትነግሪያታለሽ አይደል?"

እማዬ አውቶቡሱ የሚመጣበትን እያየች፣ "የተቀጠርኩት አንቺን ሲያስወጡልኝ ነው" አለችኝ።