የጣዎሱ ሽፋሽፍት

"አባዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ ብቻ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ በልልኝ!"

ረህኑማ ከጠዋት ጀምሮ ስትለምን ምላሷ ደረቀ። አባቷ ሞታሌብ ግን በጄ የሚሉ ሰው አይደሉም። ፓን የሚሉትን የቅጠል ጥቅልል እያላመጡ፣ ቀለም የጠገበ ጣታቸውን የተወጠረው ሳሪ ላይ ቀሰሩ።

"የጣዎሱ አንገት ቀጥኗል፣ እናቴ። እኔ እንዲህ ነው የምስለው?"

"አንተ የምትስለው የሪክሾ ቆርቆሮ ላይ ነው። ይሄ ሐር ነው!"

"ያ ቆርቆሮ ነው ያሳደገሽ" አሉ ሳይቆጡ።

እውነታቸውን ነው፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው። ሽማግሌው በአሮጌው ዳካ በፔዳል የሚነዱ የሪክሾ ጋሪዎችን ጀርባ ሲያስጌጡ ኖረው፣ ባለሪክሾዎቹ የታተመ ፕላስቲክ መለጠፍ ሲጀምሩ ብሩሻቸውን የሚፈልግ ጠፋ። ልጃቸው ያንኑ ጣዎስ ሳሪ ላይ እየሳለች ስም አተረፈች። መነሻሽ ምንድን ነው ለሚላት ሁሉ ግን "የጥንት ነገሥታት የአትክልት ሥዕሎች" ትላለች። ምን ታድርግ? የሪክሾ ሥዕል ለብሶ ሠርግ የሚሄድ የጉልሻን ሰፈር ሀብታም ከየት ይመጣል! ዛሬ ደግሞ የጉልሻን ባለሱቋ እትዬ ታህሚና ሊመጡ ነው። እሳቸው ካላዘዙ ይህች ወርክሾፕ ከዒድ አታልፍም።

ሞታሌብ እያጉረመረሙ ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ወዲያው እትዬ ታህሚና ደረሱ፤ ሳሪው ላይ ጎንበስ አሉና "ወይ ጉድ!" አሉ። "ዓይኑን እዩልኝ! ሽፋሽፍቱ! ይህን ከየትኛው ቤተ መንግሥት አገኘሽው?"

"ከ... ከአግራ። አንድ የቆየ ግድግዳ ላይ።"

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ረህኑማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"የምን ቤተ መንግሥት፣ እሜቴ!" አሉ ሞታሌብ ብቅ ብለው። "ወፍ መቼ ሽፋሽፍት አለው? የእኔ ስህተት ነው። የሲኒማ ተዋናይት ፊት ስስል ውዬ ጣዎሱን ስጀምር፣ እጄ የሷኑ ዓይን ሠራለት። ባለሪክሾው ወደደው፣ ጓደኛውም ለእኔም ይሁንልኝ አለ። በቃ፣ በዚያው ቀረ።"

እትዬ ታህሚና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ማን ናቸው?"

ሞታሌብ የልጃቸውን ፊት አዩና ሳቃቸው ከሰመ።

"እኔ እንኳ ጠራጊ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ቤቱን የምጠርግ። ወሬ እወዳለሁ፣ አይቀየሙኝ።"

መጥረጊያ ፍለጋ ዞር ዞር ሲሉ ረህኑማ ደሟ ፈላ። በሳቸው ይሁን በራሷ፣ አልለየችውም።

"አባዬ! ዝም በል ስልህ ትናገራለህ፣ ከተናገርክ ደግሞ ትዋሻለህ! ምን ላድርግህ?" ወደ እንግዳዋ ዞረች። "አባቴ ናቸው። ጣዎሱ የሳቸው ነው።"

"የሪክሾ ሥዕል?" እትዬ ታህሚና እጃቸውን ከሐሩ ላይ አነሱ። "እንግዲያስ... ላስብበት።" ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ረህኑማ ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነክራ አባቷ እጅ ውስጥ ሻጠች።

"በል ስምህን ጻፍበት። ጫፉ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ እንደምታደርገው።"

ሽማግሌው ብሩሹን አገላብጠው አዩት፤ ጎንበስ ብለው ሐሩን አጤኑ።

"መጻፉንስ እጽፋለሁ" አሉ። "ይህ አንገት ሳይስተካከል ግን ስሜን አላኖርበትም።"

"ኡፍፍ!" አለች ረህኑማ፤ ወንበሩን ግን ሳበችላቸው።