የተሰረዙት አምስት ወፎች

ሰዓት ሠሪው በዕድሜው ብዙ ስሕተት ሠርቷል፤ ራሱም አይክድም። እንደዚህኛው ግን ሆዱን የሚበላው የለም።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። እሱና ጡረታ የወጣው ፖስተኛ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ነበሩ። ሁለቱም ወፍ ካዩ ሌላው ነገር ሁሉ ይረሳቸዋል። አንድ ቀን "ማን ይበልጥ ያያል?" ተባባሉና ሰፈሩን ተካፈሉት። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ቁጥቋጦ ለሰዓት ሠሪው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጎን ያለው ኩሬ ለፖስተኛው ደረሰ። "ይዞታዬ" ይሉታል፣ ካርታ ያወጡበት ይመስል። እያንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ በይዞታው ያገኘውን የወፍ ዓይነት በደብተር ይመዘግባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ዓይነት ያለው ያሸንፋል፤ የተሸነፈው የአሸናፊውን ጭቃ የነካው ጫማ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠርጋል። የሰዓት ሠሪው ባለቤት "ሁለት ሽማግሌ ጫማ ለመጠራረግ ብለው ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ" እያለች ስትስቅባቸው አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ሕጋቸው አጭር ነበር። ወፏን ማየት ብቻ ሳይሆን ድምፅዋን መስማትም ይቆጠራል። ምስክር አይጠየቅም፤ ቃል ይበቃል። ደግሞ በዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ አንዱ የሌላውን ይዞታ ይጎበኛል፤ ባለ ይዞታው ያልመዘገበውን ወፍ ካገኘ በራሱ ደብተር ላይ ይጨምራል። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ በአሥራ አንደኛው ዓመት ያመጣት ሰዓት ሠሪው ራሱ ነው። ምነው ባላመጣት ኖሮ።

በዚያ ዓመት ሰዓት ሠሪው በሦስት ይመራ ነበር። ቅዳሜ ኩሬውን ጎብኝቶ ምንም አዲስ ነገር አላገኘም። እሑድ ማለዳ ደግሞ አብረው ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። ፖስተኛው ሠላሳ ዓመት በእግሩ ደብዳቤ ያደለ ሰው ነውና እንደ ልማዱ ፊት ፊት ይሄዳል። ድንገት ይቆማል፤ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ይጽፋል። ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ ሲያይ ቅጠል ብቻ ነው። ጥቂት ሄደው ፖስተኛው እንደገና ይቆማል፤ ይጽፋል። አንዴማ ከሰዓት ሠሪው ራስ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ በእርሳሱ ጠቆመና ዓይን ዓይኑን አየው።

"ምንድን ነው?" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ምንም" ብሎ ፖስተኛው መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ሻይ ቤት ገቡ። እንደ እነሱ ወፍ የሚቆጥሩት ፋርማሲስቷና ሁለት ጡረተኛ ሾፌሮች ውጤቱን ለመስማት ጠረጴዛውን ከበዋል። ፖስተኛው ደብተሩን ገለጠና ሰዓት ሠሪው ያልመዘገባቸውን አምስት ትናንሽ የቁጥቋጦ ወፎች ጠራ። አንዳቸውንም በዓይኑ አላየም፤ ሁሉንም ያወቃቸው በድምፃቸው ነው። በሁለት በለጠ ማለት ነው።

"አምስቱንም ሰማሃቸው?" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ሰማኋቸው።"

"አጠገብህ ነበርኩ እኮ። እኔ ጆሮ የለኝም?"

ፖስተኛው ሻዩን አማሰለ።

"ይዞታዬን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ? ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ያልሰማሁት ወፍ አንተ ስትመጣ ብቻ ይዘምራል? ለአንድ ጫማ ብለህ ትዋሻለህ?"

"ኧረ ተው ጋሼ" አለች ፋርማሲስቷ። ሰዓት ሠሪው ግን ካፉ የወጣውን የሚመልስ ሰው አይደለም፤ ግትርነት አብሮት ነው ያደገው። ፖስተኛው ብዙ አየው። ከዚያ ጠረጴዛውን የከበቡትን ሰዎች ዞር ብሎ አየ። ደብተሩን ወደሱ ገፋ አደረገና "እሺ፣ ሰርዛቸው" አለ።

ሰረዛቸው። በቀይ እስክሪብቶ፣ አምስቱንም፣ አንድ በአንድ። ቤቱ ገብቶም "ሰርዛቸው ማለቱ መዋሸቱን ማመኑ ነው" ብሎ ለባለቤቱ አወራ። እሷ ትታው ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው በአንገት ሆነ። በአምስተኛው ወር ፖስተኛው ቤቱን ሸጦ ሩቅ ከተማ ወደምትኖር ልጁ ሄደ። ዕቃ የጫነው መኪና ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ አቀርቅሮ ሥራ የያዘ መሰለ። እጁ ላይ ሰዓት እንኳ አልነበረም።

ሦስት ዓመት አለፈ። የሬዲዮው ጩኸት ያንገሸገሻት ባለቤቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ የተለያየ ድምፅ እያሰማች መረመረችውና ውጤቱን ነገረችው። ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ግን ከሄደ ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። "ቀስ በቀስ ስለሚሄድ ሰውየው ራሱ አያውቀውም" አለችው። ለሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቁጥቋጦው ውስጥ ነበር። ገና ከመቆሙ በግራው በኩል ቀጭን ፉጨት መጣ። ቀጥሎ ከፊቱ ሌላ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ። አራተኛዋን ሲሰማ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጠ። አምስተኛዋ አናቱ ላይ ነበረች። "ምን አድርጌ ነው እኔ" አለ ለብቻው። አፈረ። እንባውንም ሊይዘው አልቻለም።

የስልክ ቁጥሩን ከፋርማሲስቷ ተቀብሎ ደወለ።

"አምስቱንም ሰማኋቸው" አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። "ለካ ጆሮዬ ነው። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

"አውቅ ነበር እኮ።"

"ምኑን?"

"ጆሮህን። ያቺ ወፍ አናትህ ላይ ስትጮህ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር። ያኔ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ያ ሁሉ ሰው ባለበት? አንተ እኮ ሰዓቱን ጆሮህ ላይ አስጠግተህ ምን እንደነካው የምትናገር ሰው ነህ። ወሬው ደንበኛህ ጋ ቢደርስስ? እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ውሸታም ብባል ምን ይቀርብኛል ብዬ ነው። በኋላ ብቻህን ሳገኝህ ልነግርህ ሁለት ቀን ሱቅህ ድረስ መጥቻለሁ። ቀና ብለህ አላየኸኝም።"

"ቤትህን የሸጥከው በኔ ነው?"

"ልጄ ና እያለች ስትለምነኝ ዓመታት ቆይታለች። ቆጠራዬን ትቼ የት እሄዳለሁ እላት ነበር። ቆጠራው ሲቀር የምላት አጣሁ።" በድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ሰዓት ሠሪውን ይበልጥ የጎዳውም ይኸው ነው።

"እዚያስ ወፍ ታያለህ?"

"ስድስተኛ ፎቅ ነው ያለነው። በመስኮቴ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው።"

"እና ዘንድሮ ስንት ደረስክ?"

"አንድ" አለ ፖስተኛው። "እርግብ።"