በሳይክል የደረሰው ፎቶ

ፈረንጁ አሠሪዋ ሙሴ ፍሎራን መኪናውን ግቢ አቁሞ ኢትዮጵያን በሳይክል ሊዞር መሆኑን ሲነግራት አበሩ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ፣ ሀራሙስ ሰፈር ካለው ቪላው በሠራተኝነት ስትኖር ሦስት ዓመቷ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጤነኛ ሰው ነበር። ማየት የፈለገው ደግሞ ከተማውን ሳይሆን ገጠሩን ነው፤ ያውም ብቻውን!

«ምን ጎድሎበት ነው?» አለቻት የጎረቤት ሠራተኛዋን ኻሊዳን። ኻሊዳም አልገባትም።

መንገዱ በወሎ በኩል መሆኑን ስትሰማ ግን ልቧ ዘለለ። እናቷ ከሐይቅ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው ቤታቸው። በየዓመቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ትላቸዋለች፤ በየዓመቱ «መንገዱ ሩቅ ነው» ብላ ትቀራለች። ስለዚህ ካርቲዬ ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ፎቶዋን አሳደገች፣ መስተዋት አስገባችው፣ በአዲስ ቀሚስ ጠቀለለችና ሰጠችው። የመንደሩን ስም በወረቀት ጻፈችለት። ደብዳቤ አልጨመረችም፤ እናቷ አያነቡም፣ ፎቶው ይበቃል። ከአማርኛ ሁለት ቃል ብቻ አስጠናችው፤ «አበሩ» እና «እናት»።

እሱ በሄደ በሳምንቱ ስልኳ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ወድቆ ተበላሸ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የኻሊዳን ስልክ ተውሳ በመንደሩ ስልክ ወዳላቸው አጎቷ ወደ መርሻ ደወለች።

ስልኩ ሲነሳ የሰማችው ለቅሶ ነው። የአንድ የሁለት ሰው አይደለም፣ የመንደር ለቅሶ!

«ጋሼ፣ ማን ሞተ? እማዬ ናት አይደል? አትደብቁኝ!»

«ማን ልበል?»

«አበሩ ነኛ!»

መርሻ «በስመአብ!» ብለው ዘጉት። ደግማ ደወለች፤ ዘጉት። በሦስተኛው አነሱ።

«የአበሩን መርዶ ዛሬ ጠዋት ሰምተናል። ፈረንጁ ጎህ ሲቀድ መጣ። ቆቡን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ፣ ፎቶዋንና ቀሚሷን ይዞ ‹አበሩ፣ እናት› አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።»

አሁን አበሩ ገባት። ሰውዬው ፀሐይ ስለሚፈራ በማለዳ ነው የሚነዳው። በአገሯ ግን በማለዳ፣ የራቀ ሰው ዕቃ ይዞ፣ ቃል አጥሮት ደጅ የሚቆመው መርዶ ነጋሪ ነው። ይህን እንዴት ረሳችው?

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ድንኳን ውስጥ፣ ከለቀስተኛው ጋር ንፍሮ ይበላል። እሱም ያለቅሳል።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

«አበሩ ከሆንሽ፣» አሉ መርሻ፣ «የወጋሽ በሬ ማን ነበር?»

«ዳልቻ! ግራ ጉልበቴን! ጠባሳው አሁንም አለ!»

መርሻ ጮኹ። ለቅሶው ከአንድ ወገን እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ቆመ። ስልኩ ከእጅ እጅ ሲተላለፍ ተሰማት፤ ከዚያ በለቅሶ የዘጋ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«አለሽ?»

«አለሁ እማዬ።»



«ይኼ ሰውዬ ከአንቺ ዘንድ በምን መጣ?»

«በሳይክል።»

«በእግሩ እየረገጠ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያንቺ እግር የት ሄደ፣ ልጄ?»

አበሩ «መንገዱ ሩቅ ነው» እንዳትል፣ በሳይክል የደረሰው ሰው እዚያው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየበላ ነው።