ፍሬኑ ይይዛል

ሦስተኛው መታጠፊያ ገና ሳይደርስ እጆቿ ፍሬኑን ጨበጡ። እሷ አላዘዘቻቸውም። እንዲያውም «ዛሬ እንኳ አታዋርዱኝ» እያለች ስትለምናቸው ነበር ያረፈደችው። ብስክሌቷ ሲጥ ብላ ስትዘገይ የቡድኑ ልጆች በግራና በቀኝ እንደ ወራጅ ውሃ ከፍለዋት አለፉ። የመጨረሻዋ ልጅ አጠገቧ ስትደርስ፣ «ነፋስ፣ ዛሬም አልነፈስሽም?» አለቻትና ቁልቁል ጠፋች። ክፋት አልነበረባትም። «ነፋስ» የሚለውን ስም ያወጡላት እነሱው ናቸው፤ በቁልቁለት የሚደርስባት ባልነበረ ጊዜ።

ታች ስትደርስ አሰልጣኙ የሩጫ ሰዓቱን ይዞ ቆሟል።

«ያው ነው?» አላት።

«ያው ነው። ፍሬኑ ይይዛል።»

«ነገ ነው ለውድድሩ የምመርጠው። ስድስት ሰው። ታውቂያለሽ አይደል?»

ታውቃለች። ሌላ የምታስበው ነገርም የላትም።

የወደቀችው ከአሥራ አንድ ወር በፊት እዚያው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። መንገዱ ላይ የፈሰሰ አሸዋ ነበር፤ ከዚያ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ አስፋልቱን። የትከሻዋ አጥንት ለሁለት ተሰብሮ ብረት ገባለት። አሁን አጥንቱ ገጥሟል፤ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አይቶ «ከድሮው ይልቅ ጠንክሯል» ብሎ አሰናብቷታል። በዳገት ከፊተኞቹ ጋር ትወጣለች። ግን የስድስት ቀኑ ውድድር ቁልቁለት ይበዛበታል፤ አሰልጣኙም ዳገት ጉልበት ይፈትናል፣ ቁልቁለት ግን ልብ ነው የሚፈትነው ማለት ይወዳል።

ቡድኑ የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ነው። ከስድስቱ የገባች እስከ ቀትር ትጋልባለች፣ ከሰዓት ሳሙና ታሽጋለች። ያልገባች ቀኑን ሙሉ ታሽጋለች፤ ብስክሌቱንም ትመልሳለች። እሷ በሕመሟ ጊዜ ያንን ሁሉ ወር ስታሽግ ከርማ ፀጉሯ ሳይቀር ሳሙና ሳሙና ይላል። ልጆቹ፣ ከቡድኑ ንጹሕ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ውሸቱ የተጀመረው በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን ነው። ምን ሆነሽ ዘገየሽ ስትባል «ፍሬኑ ይይዛል» አለች። እንዲሁ አመለጣት። ቃል ካፍ ከወጣ በኋላ ደግሞ መላሽ የለውም፤ በማግስቱ እጇ እንደገና ሲጨብጥ ያንኑ ከመድገም በቀር የምትለው አጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሞላው።

ፍዳቸውን የሚያዩት የብስክሌት ጠጋኙ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ የተሰበረውን ሁሉ ስለሚያቃኑ ፋብሪካው በሙሉ «ወጌሻው» ይላቸዋል። መጀመሪያ የፍሬኑን ገመድ ቀየሩ። ይይዛል ስትላቸው ሁሉንም ፈትተው አጥበው ዘይት ቀቡ። እንደገና ይይዛል ስትላቸው የፍሬኑን ጎማ አዲስ አደረጉ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከገዛ ራሳቸው ብስክሌት የፍሬኑን እጀታ ነቅለው ገጠሙላት፤ እሳቸው ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

የዚያን ዕለት ለእናቷ ልትነግራት አስባ ነበር። እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ስልክ ጠራ፤ የያዘችውን ሸሚዝ ጥላ ቀጥ ብላ ቆመች። የጎረቤት ስልክ ነበር። እንደገና ቁጭ ብላ በራሷ ሳቀች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ» አለች። «አንቺ የወደቅሽ ቀን ከደወሉልኝ ወዲህ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እኔን ነው የሚያስነሳኝ። ደግነቱ አንቺ እንደኔ አይደለሽም። ልበ ሙሉ ነሽ።»

ልጅቷ ሸሚዙን ከእናቷ እጅ ተቀብላ አጠፈችው። ሳትነግራት ቀረች።

የምርጫው ዋዜማ ማታ ከማሸጊያው ስትወጣ ወደ ጠጋኙ ክፍል ወረደች። ከደረጃው ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ክፍል ናት። ወጌሻው መብራቱ ሥር ቁጭ ብለው አንዲት ነገር መዳፋቸው ላይ ያገላብጣሉ። በቅርብ የቀየሩት የፍሬን ጎማ ነው፤ እንደ ጥፍር ሳስቷል።

«ይሄ ሁለት ወር ይቆያል ብዬ ያሰርኩት ነበር» አሉ።

ጎንበስ ብላ ጎማውን አየች።

«በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ ልጄ፣ አንዱን ጎን ነው የሚበላው። ይሄ ግራና ቀኙ እኩል ነው ያለቀው።» ቀና ብለው አላዩዋትም። አዲስ ጎማ ከሣጥን አውጥተው ማሰር ጀመሩ። እያጠበቁ፣ «ነገም ይይዝ ይሆን?» አሉ።

«እንጃ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ደረቅ ነበር፤ አሸዋ የለ፣ ነፋስ የለ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደ ድሮዋ ወረደችው። ሁለተኛውን ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ጣቶቿን ከፍሬኑ አንስታ ዘረጋቻቸው፤ አንድ በአንድ እያየች፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደምትጠብቅ። ሦስተኛው መታጠፊያ ብቅ ሲል ጣቶቿ ተመልሰው ተጨበጡ። ልትከፍታቸው ታገለች፣ አልተከፈቱም። እያለቀሰች ሳይሆን እየተናደደች፣ ከሁሉ ኋላ፣ በሰው እጅ እንደሚነዳ ሰው ወረደች።

አሰልጣኙ እሷን አልፎ አጠገቡ ወደቆሙት ጠጋኝ ዞረ።

«ጋሼ፣ እስካሁን ዝም ያልኩት አክብሬዎት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ፍሬን! ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ይሥራ።»

ወጌሻው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

«ልክ ነህ፣ አልታይ ብሎኛል» አሉ። «ፍሬኑ ነው። ልጅቷ ምንም የለባትም። ሌላ ብስክሌት ስጣትና ሰኞ እንደገና ሞክራት።»

አሰልጣኙ ወረቀቱን አየ። አምስት ስም ተጽፏል። እርሳሱ ስድስተኛው መስመር ላይ ቆሟል።

ሰኞ። ሁለት ቀን አላት። ግን ሰኞም እነዚሁን እጆች ይዛ ነው የምትመጣው።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ማንም አልሰማትም። ጓንቷን አወለቀች። «ፍሬኑ ደህና ነው፣ አሰልጣኝ። ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። የምይዘው እኔ ነኝ።»

ልጆቹ ወደ እሷ ዞሩ።

«ለምን ትይዣለሽ?» አላት አሰልጣኙ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።

«አላውቅም» አለች። «እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፍቶ ስድስተኛውን ስም ጻፈ። የጻፈው አጭር ስም ነበር፤ የእሷ ስም ግን ረጅም ነው።

ወጌሻው ጎንበስ ብለው የብስክሌቷን የፊት ጎማ ከመሬት አነሱና በእጃቸው መቱት። ቸርኬው ምንም ሳይነካው፣ ያለ ድምፅ፣ ለረጅም ጊዜ ዞረ። ገና ሳይቆም፣ እንደ ልማዳቸው፣ ከኪሳቸው መፍቻውን አወጡ።

እጇን እጃቸው ላይ አደረገች።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለች። «አይፍቱት።»