አንድ ሰውዬ በሁለት ጃኬት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም በሩ ላይ አትቁም፣ ባጃጅ ጭቃ ይረጭብሃል፤ ግባና ዱካው ላይ ተቀመጥ። ዛሬ የማወራችሁ የጌም ነገር ነው። የልጆች ጨዋታ ብላችሁ ግን አትናቁት፤ የአንዲት ልጅ ኑሮ ተንጠልጥሎበት ነበር።

እኔ ጂሩ ነኝ። ከነቀምቴ አርጆ ብዙ ዘመን አውቶቡስ ነዳሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ሥራውን ትቼ የቤቴን የፊት ክፍልና የጓሮውን ክፍል ለቶላ አከራየሁት፤ እሱ ደግሞ የፊቱን ጌም ቤት አደረገው። ወንበሬን በሩ ላይ አድርጌ እውላለሁ። ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ሲሰዳደቡ፣ መብራት ሲሄድ ሲጮሁ እሰማለሁ። ከዝምታ ይሻላል።

በክረምቱ መግቢያ ሁለት ወጣቶች መመላለስ ጀመሩ። ሁለቱም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምረው የጨረሱ ናቸው። አንዷ ሌንሳ ትባላለች፤ የአርጆ ልጅ ናት። አባቷን ኦቦ ነመራን በአውቶቡሴ ስንቴ አመላልሼዋለሁ። ሌላው ጫንያለው ነው። አባቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ሰው ነው፤ ልጁ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ወለጋ፣ ኦሮምኛው ውሃ የመሰለ። አብረው የራሳቸውን ጌም ይሠሩ ነበር።

ጌሙ እንዲህ ነው። ሁለት ወገን አለ፣ የተራራ ሰዎችና የወንዝ ሰዎች። አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ መንደር ትመሠርታላችሁ፣ ታርሳላችሁ፣ ከብት ታረባላችሁ፣ ጠላት ሲመጣ ትመክታላችሁ። የተራራዎቹን የሠራች ሌንሳ ናት፤ አርጆ ከፍታ ላይ አይደለች? የወንዞቹን የሠራ ጫንያለው ነው፤ እሱ ቆላ ወንዝ ዳር ነው ያደገው። ሰዎቹ ፈጠራ ይሁኑ እንጂ የማን የማን እንደሆኑ ለማንም አይጠፋም።

ለሌንሳ አኖ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ተገኝቶላት ነበር። አባቷ ግቢ ይላታል፣ እሷ ነቀምቴ ቀርታ ጌሙን መጨረስ ትፈልጋለች። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ልጆች ማንም ሳይገፋቸው መርጠው ከተጫወቱት ትቀራለች፣ ካልሆነ መስከረም ሳይጠባ ሻንጣዋን ይዛ አኖ ትገባለች። ቶላም፣ ልጆቹ ከወደዱት የጓሮውን ክፍል ከነኮምፒውተሩ ሊለቅላቸው ቃል ገባ።

አንድ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጆቹ ከፈቱላቸው። የጎረቤቴ ልጅ ዱረቲ፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን፣ ቀድማ ተቀመጠች። የተራራውን ሞከረች፣ የወንዙን ሞከረች፤ ማውሱን ገፋ አደረገችው።

«ምነው?» አለች ሌንሳ።

«ጨረስኩ።»

«ገና እኮ መጀመሪያው ላይ ነሽ።»

«አንዱን ካየሁ ሌላውንም አየሁ። ይሄ አንድ ሰውዬ ነው፤ ጃኬት ነው የቀየረው።»

ልጆቹ አውካኩ። ሌንሳ «አይደለም፣ የተራራዎቹ ቀይ ናቸው፣ የወንዞቹ...» ስትል «ቀይ ጃኬት! ሰማያዊ ጃኬት!» ብለው ዜማ አወጡላት።

«ካላመንሽ ኦቦ ጂሩ ይጫወቱ» አለች ዱረቲ።

ተቀመጥኩ። የት የት እንደምነካ አሳዩኝ፤ ጎተራ ሠራሁ፣ ግንብ አቆምኩ፣ ፈረስ አሰለፍኩ። በመሃል እህቴ ከጊምቢ ደወለችና ፊቴን አዙሬ አወራኋት። ስጨርስ ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ ጎተራ፣ ግንብ፣ ፈረስ። ከኋላዬ ሳቅ ሲታፈን ይሰማኛል።

«ኦቦ ጂሩ፣ እርስዎ የየትኛው ወገን ነዎት?» አለች ዱረቲ።

«የተራራ ነኝ እንጂ!»

«ስልኩን ካነሱ ጀምሮ የወንዝ ነዎት! ቀይሬዎት እኮ ነው!»

እውነትም ሰዎቼ ሰማያዊ ሆነዋል። እኔ ከልጆቹ ጋር ሳቅሁ። ሌንሳ ግን አልሳቀችም። ወዲያው ልጆቹ ወደ ኳሳቸው ጌም ተመለሱ፣ ሁለቱ ደግሞ ከቶላ ጋር ወደ ጓሮ ወጡ። ዝናብ ስለነበር እኔም እዚያው ከቆርቆሮው ክዳን ስር ተጠለልኩ።

«እስቲ አስረዱኝ» አለ ቶላ። «የተራራ ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል? ገደል ላይ ነው የሚቀዝፈው?»

ጫንያለው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ የጨመርኩላቸው። ለኔዎቹ ጀልባ ስሠራ ለሷም ሠራሁ።»

«እኔም ግንቡንና ፈረሱን ለሱ ሰጠሁ» አለች ሌንሳ። «ለኔዎቹ ብቻ ሰጥቼ እሱን እንዴት እነሳዋለሁ?»

ቶላ እስኪያስለው ሳቀ። «ተራራ ላይ ጀልባ!»

«አትሳቅ፣ ቶላ» አለ ጫንያለው። «ጌሙ ላይ ስሜ ተጽፏል። ሰው ስሜን ያይና፣ የተራራዎቹ አንድ ነገር ሲጎድላቸው ያያል። ከዚያ ምን ይላል? ‹ይሄ ልጅ የኛን ሰዎች አሳነሳቸው› አይልም?»

«እኔስ ብሆን?» አለች። «ያንተን ሰዎች ባጎድል ምን እባላለሁ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በየቦታው ያለፈውን ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሰው ከሰው ጋር ሲቀመጥ ቃሉን መዝኖ ነው። ክፉ ጠባይም አይደለም። ለቤተኛውም ለእንግዳውም እኩል መቁረስ ያሳደገን ነገር ነው። ልጆቹ ያንኑ ጌም ውስጥ ቢያስገቡት ሁለቱ ወገኖች አንድ ሆነው ቁጭ አሉ።

ሌንሳ መላ አመጣች፤ እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ወገን እንዲቀንሱ። ቀናት ሠርተው ተመልሰው መጡ፤ ዱረቲ ተቀመጠች። ለካ እሷ ጀልባውንና ፈረሱን ከራሷ ስትቀንስ፣ እሱም እንዳይበልጥባት ብሎ ጀልባውንና ፈረሱን ከራሱ ቀንሶ ኖሯል።

«አሁንስ?» አለች ሌንሳ።

«አሁንም ያው ሰውዬ ነው» አለች ዱረቲ። «ጃኬቱንም አውልቋል።»

ሌንሳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ ጫንያለውን በራሷ ወንበር ላይ፣ በተራራዎቹ ፊት አስቀመጠችው።

«ኮቱ፣ ና ተቀመጥ። ከኔዎቹ አንተ ቁረጥ።»

«እኔ? አልችልም።»

«እኔ ስቆርጥ የማያመኝን እየመረጥኩ ነው። አንተ ታየዋለህ። ደግሞ ማንም ቢጠይቅህ እኔ ነኝ ቁረጥ ያልኩህ።» እጁን ይዛ ማውሱ ላይ አደረገችለት።

ብዙ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጎተራውን» አለ።

«ጎተራውን?» አለች። የአባቷን ጎተራ ነበር የሳለችው፣ ከነሣር ክዳኑ፣ ከቆመበት ድንጋይ ጋር።

«የአባትሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጎተራ እስካላቸው ድረስ ማንንም አይፈልጉም።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ቁረጥ።»

ቆረጠው። የሚያከማቹበት የሌላቸው ሰዎች ምን ሆነው ይኖራሉ ተብሎ ሲታሰብ፣ መልሱ ከራሷ ወጣ። «ደቦ ይጠራሉ። እርሻው ሲደርስ የጎረቤት መንደር ይጠራሉ። ጎረቤቱ ሲጠራቸው ደግሞ ይሄዳሉ። ከጥሪ የቀረ፣ በራሱ ቀን የሚመጣለት የለም።»

አሁን የሷ ተራ ሆነ። ከወንዞቹ ግንቡን ነካች። «ይሄን። ጀልባቸውን መልስላቸው፣ ግንቡን ግን አይኑራቸው። ጠላት ሲመጣ ቤታቸውን ጭነው ይሂዱ።»

ይህን ስትል የልጁ ፊት ተለወጠ። «ቤት ጭኖ መሄድን እናውቃለን» አለ ዝቅ ብሎ።

ሌንሳ ደነገጠች። «ይቅር፣ ጫኔ። ሌላ ልፈልግ።»

«አይቀርም። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የተዉት ማሳ እስኪመለሱ ይቆያቸው። ሌላ እንዳይዘው።»

«ይቆያቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ ሲሠሩ ጭቅጭቃቸው እስከ በሩ ድረስ ይሰማኝ ነበር። «ይሄን ልንሳህ!» «ንሺኝ፣ ግን ያንን ላስቀርብሽ!» እያሉ። ዱሮ ድምፃቸው አይሰማም ነበር።

በነሐሴ ማብቂያ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ኦቦ ነመራ ከአርጆ መጣ። ሌንሳ የተስማሙበት ቀን በመድረሱ ሻንጣዋን አሰናድታ በሩ ጋ አቁማዋለች። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጂሩ» ብሎ ሽማግሌው ደህንነቴን ጠየቀኝ፤ ከጎኔ ወንበር ሰጠሁት። ውስጥ ልጆቹ እየተጫወቱ ነው። አንዱ እንደተለመደው ኳስ ከፍቷል፣ ሌሎቹ ግን በሁለቱ ወገኖች ማሽን ዙሪያ ተደራርበው «ተራዬ ነው!» «አንተ አሁን አልተጫወትክም?» ይባባላሉ። ማንም አልጠራቸውም።

ዱረቲ መጀመሪያ እኔን ጎተተችኝ። የተራራውን ያዝኩ፤ ልክ አስነጥሼ መሐረብ ስፈልግ ቀየረችኝ። ደቦ ለመጥራት ብነካ የሚጠራ የለም። ጠላት ደረሰ፣ ግንብ ብል ግንብ የለም። «ማነው ወደ ወንዝ የወረወረኝ?» ብዬ ጮኽኩ። «አወቁ! ኦቦ ጂሩ አወቁ!» ቤቱ ተናጋ። ሌንሳ በዚያን ጊዜ ሳቀች።

ኦቦ ነመራ «እስቲ እኔም ልየው» ብሎ ገባ። ተራራውን ሰጡት። የጎረቤት መንደር ሲጠራው ሰዉን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ላከ።

«ግማሹን ያስቀሩ እንጂ! ዱረቲ መጣችብዎ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

«ደቦ ተጠርቶ ግማሽ ሰው ይላካል? ነውር አይደለም?»

ዱረቲ ባዶ መንደሩን መታችው። ግን እሱ በተራው ሲጠራ፣ የረዳቸው መንደሮች ግልብጥ ብለው መጡለት። ሊያሳድዳት ሲነሣ ልጅቷ ቤቷን በጀልባ ጭና «ይያዙኝ እስቲ!» እያለች ወረደች። ተሸነፈ። እንደገና ይከፈትልኝ አለ፤ እንደገና ተሸነፈ።

«ጎተራው የታል?» አለ ከዚያ ወደ ሌንሳ ዞሮ። ጎተራህን ሳልኩት ብለሽኝ አልነበር?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ኦቦ ነመራ» አለ ጫንያለው። ቆሞ ነበር።

ኦቦ ነመራ ጫንያለውን አየው፣ ሌንሳን አያት። «እኔ ነኝ ቁረጥ ያልኩት፣ አባዬ» አለች።

«ጎተራ ቢኖረኝ ኖሮ» አለ ሽማግሌው ማውሱን እየገፋ፣ «ያን ሁሉ ሰው ለማን ብዬ እልክ ነበር?»

ከመናኸሪያ በኩል የአርጆና የአኖ ሚኒባስ ረዳቶች ሲጣሩ ተሰማ። ኦቦ ነመራ ተነሥቶ ሻንጣዋን አነሣ። ሌንሳ ነጠላዋን ፈለገች። እሱ ግን ሻንጣውን ይዞ ወደ ውጭ አልወጣም፤ አልፎ ሄዶ የጓሮው ክፍል ውስጥ አኖረው።

«ኢንተለ ኮ» አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «በሚቀጥለው ስመጣ ይቺን ቤቷን ጭና የምትሮጥ ልጅ የምይዝበት መላ ይኑርሽ።»

«እንዳታስይዢኝ!» አለች ዱረቲ።

ኦቦ ነመራ ብቻውን ሄደ። አሁን ጓሮዬ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሦስተኛ ወገን ሊያመጡ ነው አሉ፣ ገና አልተስማሙም።

ይኸው ነው ልጆቼ። ሰውን አክብሩ፣ እኩል ቁረሱ። ግን ከምታምኑት ሰው ጋር ሥራ ስትጀምሩ፣ ያቺን ልጅ አስቡልኝ፤ የጓደኛዋን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፍና «ቁረጥ» ያለችውን። አትርሷት፣ እሺ?